የሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ ደብዳቤ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው የመጽሔት ኪዮስክ ደጃፍ የሚጀምረው ሰልፍ መንገዱን ተሻግሮ ጥግ ይደርስ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፊቱን አረፋ አልብሶ አስቀምጦ ያነባል። የሆስፒታል ነርሶች አንድ ቅጂ ለአምስት ገዝተው፣ አንዷ ስታነብ አራቱ ፋሻ ይጠቀልላሉ። አንድ ጊዜ ከእስር ቤት፣ «ባሕረኛውን እንዳትገድሉብን አደራ፤ እዚህ ከእሱ ሌላ ጠያቂ የለንም» የሚል አርባ ሰው የፈረመበት ደብዳቤ ለመጽሔቱ ደርሶ አዘጋጁን አስለቅሶታል።

ይህን ሁሉ ያመጣችው በፈረንሳይኛ የምትጽፍ አንዲት አሮጊት ደራሲ ናት፤ የባሕረኛው ልብ ወለዷ በየሐሙሱ አንድ አንድ ምዕራፍ በመጽሔቱ ይወጣል። መጻሕፍቷ በአርባ ሁለት ቋንቋ ተተርጉመዋል። በአንዱ አገር በበረዶ፣ በሌላው አገር በጠራራ ፀሐይ ለእሷ መጽሐፍ የተሰለፈ ሰው ፎቶ ጋዜጣ ላይ እየወጣ የከተማው ሰው «የኛስ ሰልፍ ምን አነሰው!» እያለ ይፎካከር ነበር። አንቱ የሚላት ግን አልነበረም። «ዛሬስ ምን አለች?» ነው የሚባባለው፣ ጓዳ ገብታ የወጣች አክስቱ ትመስል።

ይህች የሁሉም አክስት ግን በእኛ ቋንቋ የምትናገረው በአንድ ሰው አፍ ነበር። ተርጓሚው የፈረንሳይኛውን መጽሐፍ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ከመስኮት እስከ በር እየተመላለሱ ጮክ ብለው ይተረጉማሉ፤ ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ፈረንሳይኛውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከአስራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ የጻፈችላቸው ስለሆነ «ብዕሬ» ይሏታል። እናቷም፣ ጎረቤቱም፣ አዘጋጁም ብዕሬ ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን ተርጓሚው አንድ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ከአርባ አንዱ ምዕራፍ አስራ ዘጠኙ ገና ነበር።

በቀብሩ ማግሥት አዘጋጁ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያሽከረከረ እንደምንም አወጣው። «እትዬ፣ በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ነውር ነው። ግን አንባቢው... ቀሪው ምዕራፍ እንዴት ይሆናል?»

«ጨርሶታል» አሉ እናቷ።

ብዕሬ ቀና አለች።

«እሱ የጀመረውን ሳይጨርስ የሚሄድ ሰው አይደለም። ሁሉም መሳቢያው ውስጥ አለ። አይደለም ብዕሬ?»

የእናቷ ዐይን ውስጥ ያየችው ነገር ጥያቄ አልነበረም። የሰመጠ ሰው ገመድ ሲይዝ የሚያሳየው ዐይነት ነገር ነበር። ብዕሬ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዝም ማለቷ መልስ ሆኖ ተቆጠረላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደረቷ ላይ አንድ ሰው የተቀመጠባት መሰላት።

በማግሥቱ የአባቷን ክፍል ከውስጥ ቆለፈች። «የአባዬን ጽሑፍ በንጹሕ እየገለበጥኩ ነው» አለች። መሳቢያው ባዶ ነበር። የፈረንሳይኛውን መጽሐፍ በግራ እጇ ያዘች፣ እንደ እሳቸው ከመስኮት እስከ በር መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ አንድም ዐረፍተ ነገር አልመጣላትም። በአራተኛው ቀን ግን ከጀርባዋ፣ ከወንበሩ በኩል፣ «አይደለም። ደግመሽ አንብቢው» የሚል ድምፅ የሰማች መሰላትና እጇ ጻፈ። የጻፈችውን ስታነበው አባቷ ነበሩ፤ ልቅም ያለ የአባቷ ቋንቋ። ደስ ሊላት ሲገባ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

እየቆየ ድምፁን መጠበቅ አላስፈለጋትም። ከባድ ዐረፍተ ነገር ሲገጥማት እንደ እሳቸው ሁለት ጊዜ ትስላለች። እናቷ ዳቦ ሲያቀርቡላት «ነገሩን እናየዋለን፣ ወዳጄ» ብላ ስትመልስ ራሷን ሰማች። ሐሙስ ሲሆን መጽሔቱን ለእናቷ ጮክ ብላ ታነባለች። እናቷ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ዘርግተው፣ እዚያ ሌላ እጅ ያለ ይመስል ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ረቡዕ ጠዋት ሲያስል ሰማሁት» አሏት አንድ ሐሙስ፣ ፈገግ ብለው። «ሁለት ጊዜ። እንደ ልማዱ።»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ጉሮሮዬን...»

«አንቺማ ማተሚያ ቤት ሄደሽ ነበር።»

እውነት ነው። ረቡዕ ጠዋት ቤት አልነበረችም። ብዕሬ መጽሔቱን አጠፈች፣ ቀጥላ ማንበብ አልቻለችም።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ፊደል ለቃሚ ነበር። ከትንንሽ የእንጨት ቤቶች የእርሳስ ፊደላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ የምዕራፉን ገጾች የሚደረድረው እሱ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ከተናገረ ሌላ ስለማይደግም የሥራ ባልደረቦቹ «አራት ነጥብ» ይሉታል። ከአምስት ዓመት በፊት የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ተርጓሚው ፊት ቆመና «ልጅዎን ላግባ» አለ። አንድ ዐረፍተ ነገር።

ተርጓሚው መነጽራቸውን አውልቀው ጣቶቹን አዩ፤ ጥቁር ነበሩ። «አንተ ፊደል ትለቅማለህ እንጂ አታነብም» አሉት። «ልጄ ደግሞ የምትነበብ ናት። ከዛሬ ጀምሮ እርማቱን በበሩ ሥር አሾልከህ ሂድ እንጂ ወደ ቤቴ እንዳትገባ።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ የእርማት ወረቀቱ በበሩ ሥር ይገባል። ረቡዕ እሷ አርማው ማተሚያ ቤት ትወስዳለች፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ነገር ግን በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ሁልጊዜ በቀጭን እርሳስ አንዲት መስመር አለች። «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት ፊደል ተገልብጣለች። ጉንፋንሽስ ተሻለሽ?» ወይም፣ «ገጽ ስምንት ንጹሕ ነው። ትናንት ዝናቡ ያለ ጥላ ያዘሽ።» እሷም የእርማት ምልክት አስመስላ፣ «ተሻለኝ»፣ «አልበሰበስኩም» ብላ ትመልሳለች። አምስት ዓመት ሙሉ ፍቅራቸው ከአንድ ኅዳግ የሚሰፋ አልነበረም።

ሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ በፈረንሳይኛው መጽሐፍ ውስጥ ባሕረኛው የሚወዳት ሴትዮ ትታው ትሄዳለች። ደራሲዋ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሴትዮዋ ምንም ሳትል በሩን ዘግታ ወጣች፣ ይላል። ብዕሬ ያንን መስመር ስትተረጉም የአባቷ ድምፅ ጠፋባት። ወንበሩ ዝም አለ። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላ ነገር፣ የማንም ያልሆነ፣ የራሷ ነገር ፈልቆ እጇን ይዞት ሄደ። ሴትዮዋ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ተወች።

«ሄድኩ ብዬ አልሄድኩም። እጅህን ሳልነካህ አምስት ዓመት እጅህን አየሁት፤ ከሺህ እጅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ጥራኝ አልልህም፣ አትርሳኝም አልልህም። ስምህን በሌላ ሰው አፍ ስሰማ ያንተ መሆኔ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ጎንበስ እላለሁ። ጎንበስ ብዬ አረጀሁ፣ ወዳጄ። አንድ ቀን ቀና ብል የማየው አንተን ይሆን? ይህን ብቻ ልጠይቅህ ፈለግኩ፤ መልስህን ግን እፈራለሁ።»

አንብባ ልትቀደው ነበር። አልቀደደችውም። ፖስታው ውስጥ ስትከተው ጉንጯ ይነድ ነበር።

ሐሙስ ሲወጣ ከተማው አበደ። ነርሶቹ ገልብጠው ደረታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱ ጥግ ላይ ለጠፈው። ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ጥቂቶች መጽሐፉን በራሱ ቋንቋ አንብበው የጨረሱ ስለነበሩ መጽሔቱን አይገዙም፤ ልዩነቱን ያስተዋለ አልተገኘም።

ከአንድ ሰው በቀር። በሚቀጥለው ረቡዕ ብዕሬ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል አራት ነጥብ ከፊደል ሳጥኑ ጀርባ መጣ።

«'ህ'ና 'ሃ' አለቁብኝ» አላት።

«ምን?»

«አባትሽ ሲጽፉ የሚያልቁብኝ 'ሽ'ና 'ሻ' ነበሩ። ወንዱ ነበር ተናጋሪው። እወድሻለሁ፣ እጠብቅሻለሁ ሲል ይውላል። ከሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ ወዲህ ግን ሴትዮዋ አፍ አወጣች። ባለፈው ሳምንትማ ደብዳቤው ላይ ቤቶቹ ባዶ ሆነው ከጎረቤቴ ሳጥን ወሰድኩ።» ለእሱ ይህ የዓመት ንግግር ነበር። «እኔ አላነብም ብለው ነበር አባትሽ። በጣቴ ነው የማነበው። ይህን የጻፉት እሳቸው አይደሉም።»

ብዕሬ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። ከኋላው ማሽኑ ይንኳኳል፤ ሠራተኞቹ አላዩም።

«አንቺ ነሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእኔ ነው?»

አዎ ልትል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አዎ ካለች ግን መሳቢያው ባዶ ነው ማለት ነው፤ መሳቢያው ባዶ ከሆነ ሐሙስ ሐሙስ እናቷ ጎን የሚቀመጥ የለም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ሳለች።

«ደራሲዋ የጻፈችውን ነው የተረጎምነው» አለች። «በነገር ላይ ነገር መጨመር ደግ አይደለም፣ ወዳጄ።»

አራት ነጥብ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ አንቺን ጠየቅኩ» አለ። «የመለሱልኝ ግን አባትሽ ናቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞ የሚመጣው ወረቀት ኅዳጉ ነጭ ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ዘጠኝ ሳምንት። ብዕሬ ነጩን ኅዳግ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች ተጽፎ የተፋቀ ነገር ትፈልግ ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ በታተመበት ሳምንት ደራሲዋ ራሷ መጣች። መጽሐፏ የሚነበብባቸውን ከተሞች እየዞረች ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትልቁ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ትንሽ፣ ጎበጥ ያለች ሴት ናት፤ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ፊት ለፊት፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣ የተርጓሚው ባለቤት ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ብዕሬ ከጎናቸው። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

አዘጋጁ ተነሳ። «አንባቢዎቻችን ከሁሉ አብልጠው የወደዱትን፣ የሠላሳ አንደኛውን ምዕራፍ ደብዳቤ እንድንሰማ ይሁን» አለ።

አንዲት ተዋናይ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ አዳራሹ አብሯት ይል ጀመር፤ ነርሶቹ፣ አስተካካዩ፣ ተማሪው፣ ሁሉም በቃሉ። ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ የልቧን ጓዳ ሲያነበንበው ብዕሬ ልብሷን በአደባባይ የገፈፏት መሰላት። መድረኩ ላይ አስተርጓሚዋ በደራሲዋ ጆሮ ታንሾካሹካለች። የአሮጊቷ ቅንድብ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ጭብጨባው ሲበርድ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለች። አስተርጓሚዋ ፈራ ተባ አለች።

«እኔ... እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፍኩም፣ ይላሉ።»

ከዚያ ከየአቅጣጫው ጉርምርምታ ተነሳ። «ሟቹ ናቸዋ የጨመሩት!» «ስንት ዓመት ሲያታልሉን ኖረዋል?»

እናቷ ብድግ አሉ። «ባሌ በሰው ቃል ላይ ቃል አይጨምርም! ሰምታችኋል? ኖሮም አላደረገው፣ ሞቶም...»

«እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረ። አራት ነጥብ ከግድግዳው ተላቆ በመካከለኛው መተላለፊያ ቆሟል። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል።

«ፊደል ለቃሚው ነኝ። ስለቅም እኔ ጨመርኩት። እሳቸው አያውቁም።»

ሳቅና ስድብ ተቀላቀለ። አዘጋጁ ቀልቶ፣ «ከነገ ጀምሮ እጅህ የኔን ፊደል እንዳይነካ! ውጣ!» አለው። አራት ነጥብ አንገቱን ነቀነቀ፤ ወደ ብዕሬ አላየም። እሷን እንዳያጋልጣት ብሎ እንደሆነ ገባት። አሁን ዝም ብትል ሁሉም ነገር ይድናል፤ የአባቷ ስም፣ የእናቷ ሐሙስ። የሚጠፋው እሱ ብቻ ነው። ወደ በሩ እየሄደ ነበር።

እንዴት እንደተነሳች አታውቅም።

«እሱ አይደለም» አለች። ድምፁ ለራሷም እንግዳ ነበር፤ ቀጭን፣ የሚሰነጣጠቅ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ያለውን ሁሉ እኔ ነኝ። አባዬ አልጨረሰውም።» ወደ እናቷ ዞረች። «መሳቢያው ውስጥ ምንም አልነበረም፣ እማዬ። ምንም።»

እናቷ እንደቆሙ ቀሩ። አንድ ሰው ከጎናቸው የተነሳ ይመስል ወደ ባዶው አየር ዐይናቸውን አዞሩ።

አስተርጓሚዋ ሁሉን ተርጉማ ስትጨርስ ደራሲዋ ከዘራዋን ተደግፋ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች። ፊቷ ላይ ርኅራኄ አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም።

«የእኔ ሴት ምንም አትጽፍም» አለች በአስተርጓሚዋ አፍ። «ያቺን ዝምታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ደክሜያለሁ። በመጽሐፍ ሲታተም ይህ ደብዳቤ ይውጣልኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ የብዕሬን ፊት አጥንታ አየችው። «ግን ንገሪኝ። ለማን ነው የጻፍሽው?»

ብዕሬ የአባቷን ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም።

«ለእሱ» አለች። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። «በሩ ላይ ለቆመው። አሁንም መልሱን እፈራለሁ።»

አራት ነጥብ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። ያን ጥቁር እጁን ፊቱ ላይ ጫነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ብዕሬም ምላሹን በሰው ፊት አየችውና ዐይኗ በእንባ ተሸፈነ። እንባዋን ጠርጋ ወደ ጎን ስትዞር የእናቷ ወንበር ባዶ ነበር።

እናቷን ያገኘቻቸው አባቷ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነው። ብዕሬም ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«በየሐሙሱ ፀጉሬን አበጥሬ ነበር የምጠብቀው» አሉ እናቷ፣ ሳያዩዋት። «ሽቶ ሁሉ ተቀብቼ ነበር። ታውቂ ነበር?»

«አላወቅኩም፣ እማዬ።»

«አራት ወር ተኩል። ስቀብረው እንኳ ይህን ያህል አልራቀኝም ነበር። ምነው በዚያው ብትነግሪኝ! አንድ ጊዜ መሞት ይበቃው ነበር እኮ።»

ብዕሬ ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገች፤ አነሰባት። እናቷ እጃቸውን ሰጧት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን ጠዋት እዚህ አብረሽው ነበርሽ። መጨረሻ ያለው ምንድን ነው?»

«እየተረጎመ ነበር። 'ሴትዮዋ መስኮቱን ከፈተችና' አለ።»

«ከፈተችና?»

«እጁን ከፍ አደረገ፣ ቆይ እንደሚል። እኔ ብዕሩን ይዤ ጠበቅኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም፣ እማዬ። እዚያ ላይ ነው።»

እናቷ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ዐረፍተ ነገሩን ሊጨርሱለት የሞከሩ መሰሉ። አልቻሉም። ከዚያ ከሆዳቸው ጥልቅ፣ ብዕሬ በቀብሩ ቀን እንኳ ሰምታው የማታውቀው ለቅሶ ወጣ። «ብቻዬን ተይኝ» አሉ በመካከሉ። «በሩን ዝጊው።»

ዘግታው ወጣች። አራት ነጥብ ከደረጃው ታችኛው እርከን ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ላይ አልወጣም፣ አምስት ዓመት የተከለከለውን ቤት ማን እንደሚፈቅድለት አያውቅም። ወረደችና እርከኑ ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ ነገር ሊል ሲል፣ «ቆይ፣ ዝም በል፣ ልስማት» አለችው። ሁለቱም ለቅሶውን ሰሙ። ያን ቀን፣ በዚያ ቤት ውስጥ፣ ተርጓሚው ሞቱ። ብዕሬም አለቀሰች፤ እሱ ትከሻውን ሰጣት እንጂ አላባበላትም።

ሲመሽ በሩ ተከፈተ። እናቷ ዐይናቸው አብጦ ከላይ ቆመው ሰውየውን አዩት።

«አዳራሽ ውስጥ የዋሸኸው ለእሷ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሷም የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው። ሁለታችሁም መልካም ውሸታሞች ናችሁ።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ሥራህንስ?»

«አዘጋጁ ሰኞ ግባ ብሎኛል።»

«እንግዲህ ግባ። ደጅ ላይ አትቁም። ግን ዛሬ ማንም ምንም እንዳያነብልኝ።»

ገባ። መብራት ሳያበሩ ሦስቱም ተቀመጡ። ብዕሬ ጥቁሩን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሸካራና ሞቃት ነበር። የሚናገር አልነበረም። ዝምታውም ማንንም የሚጠብቅ አልነበረም።